ጨርሰሻል?

እናቴ ልጆቿን በር ላይ የምታስቆምበት ቃል ሁለት ዓይነት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኮንጎ ጫማውን አጥልቆ ብቅ ሲል «ወዴት?» ትለዋለች። «ሜዳ» ይላል። አለቀ፤ እስከ ምሳ የሚፈልገው የለም። እኔ ግን እግሬ ደፉን ሳይሻገር «ጨርሰሻል?» ትለኛለች። የሚጨረሰው ነገር ደግሞ በየቀኑ ሌላ ነው። ከግቢው ቧንቧ ውሃ መቅዳት አለ፣ ምስር መልቀም አለ፣ የቡና ዕቃ ማጠብ አለ፣ ታናሽ እህቴን አዝሎ ማስተኛት አለ። አንዱን ጨርሼ ስመጣ ሌላው ተራ ይዞ ይጠብቀኛል።

የሰፈራችን ልጆች ዛሬ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ክረምት ላይ ያርፋል። የሚያወሩት ግን ወንዶቹ ናቸው። ስለ ኳሱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጅራፉ ሲያነሱ ዓይናቸው ይበራል፤ እኛ ሴቶቹ ፈገግ ብለን እንሰማለን። ከሚያወሩት ብዙው ውስጥ እኛም ነበርንበት፤ ከበሩ ወዲህ ሆነን ነበርንበት። ይህን የምጽፈውም ያ ከበሩ ወዲህ ያለው ክረምት ሳይነገር እንዳይቀር ብዬ ነው።

ያደግኩት ከጃን ሜዳ በታች፣ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። የምንማረው በፈረቃ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ቀን ቤት እንውላለን፤ ያ ግማሽ ቀን ግን በጥናትና በመላላክ ያልቃል። የመንፈቀ ዓመቷም ዕረፍት መጣች ሲሏት ትሄዳለች። ዕረፍት ማለት ክረምት ነው። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ላይ መጀመሪያ የምንፈልገው «ተዛውራለች» የሚለውን ቃል ነው፤ ደረጃው ከዚያ በኋላ ይታያል። ከዚያ ሐምሌ አለ፣ ነሐሴ አለ፣ ጳጉሜ አለ። ለልጅ ይህ አንድ ሙሉ ዘመን ነው፤ ጫፉ አይታይም።

ከሁሉም አብልጬ የማስታውሰው የ1984 ዓ.ም. ክረምትን ነው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ዓመት አልፎ ጥቂት ወር ሆኖታል፤ ትልልቆቹ በየቡናው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ዝናቡን ነው። የሐምሌ ዶፍ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም፤ በምልክት ነው። ሲያባራ ደግሞ የመጀመሪያው የሚሰማው ድምፅ የወንዶቹ ፉጨት ነው። አንዱ ከላይ ግቢ ያፏጫል፣ ሌላው ከታች ይመልሳል፣ ከዚያ ኮቴ ይሰማል፤ ወደ ሜዳ ነው።

ጃን ሜዳ ክረምት ላይ ሰፊ ነው። በጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሞላው ሜዳ፣ ሐምሌ ላይ የልጆች ብቻ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አሥርም አሥራ አምስትም ግጥሚያ ይካሄድበታል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ዳኛ የለም፤ ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ ነው፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ዳር ወጥቶ ተራ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የማውቀው መልእክት አድራሽ ሆኜ ነው። ወንድሜን «እማዬ ትጠራሃለች» ለማለት እላክና ጨዋታው እስኪያልቅ ዳር ቆሜ እቀራለሁ።

ኳሱን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። የካልሲ ኳስ ነው። መሃሉ ከአሮጌ ፍራሽ የተቦጨቀ ስፖንጅ ይሆናል፤ ስፖንጅ ከጠፋ የተጠቀለለ ፌስታል። በላዩ ቁራጭ ጨርቅ ይጠመጠማል፣ ጨርቁ በክር ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል፣ ከዚያ ካልሲ ይለብሳል። ካልሲው አፉ ላይ ይጠመዘዝና ተገልብጦ እንደገና ራሱን ይለብሳል። ሁለተኛ ካልሲ፣ ሦስተኛ ካልሲ። መጨረሻ ላይ አፉ ይሰፋል፤ በጆንያ መርፌ፣ ከማዳበሪያ ጠርዝ በተመዘዘ ነጭ ክር። ሞያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ስፌቱ ከላላ ኳሱ ጭቃ ውሃ ይጠጣና እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ይነጥራል እንጂ አይንከባለልም። ወንድሜ የኔን ኳስ መሬት ላይ አንድ ጊዜ አንጥሮ ያያትና ሳይናገር ይዟት ይሮጣል። ያ ዝምታው ምስጋና እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ክረምት አምስት ኳስ ሰፍቻለሁ፤ አንዷንም በእግሬ አልነካሁም።

ሦስተኛዋን ግንፍሌ ወሰዳት። በበጋ እግር የማያርሰው ወንዝ ሐምሌ ላይ ከላይ የዘነበውን ሁሉ ይዞ ሲመጣ ድምፁ ከግቢያችን ይሰማል። ወንድሜ ኳሷን ተከትሎ ገባ። እንጨት የሚለቅሙ አንድ አባት በያዙት በትር ባይደርሱለት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልፈልግም። በአንድ እግሩ ኮንጎ፣ በአንድ እግሩ ባዶ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ መጣ። እናቴ አልመታችውም። ፎጣ ይዛ ፀጉሩን ስታደርቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአንድ ሳምንት እሱም በር ላይ ተያዘ፤ ያቺን ሳምንት እኔና እሱ አብረን ምስር ለቀምን።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የግቢው ልጆች በሙሉ የምንሰበሰበው የጥጉ ቤት እማማ በረንዳ ላይ ነው። እሳቸው ባዝቶ እያባዘቱ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኛ እግራቸው ሥር። ሴቶቹ ጠጠር ይዘን ቅልብልቦሽ እንጫወታለን፤ ወንዶቹ ብያቸውን ይቆጥራሉ። ሲመሽ እንቆቅልሽ ይጀመራል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ»። መልሱ የጠፋበት ሰው ግዴታ አለበት፤ «አገር ስጪኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ሰጠሁሽ፤ አልፈልግም። ሐረርን፤ አልፈልግም። ጂማን፤ እሺ። እኔ የኢትዮጵያን ከተሞች ስም ከካርታ በፊት የተማርኩት እንዲህ ስሰጥና ስቀበል ነው። ብዙ አገር ያላት ሀብታም ናት፤ ማታ ስንለያይ «እኔ ደሴና አርባ ምንጭ አሉኝ» እያልን ነው የምንተኛው።

አንድ ቀን ታዲያ የግድግዳ ጎረቤቴ መልሱ ጠፋባትና «አስመራን ሰጠሁሽ» አለችኝ። እማማ እጃቸው ቆመ። ልጃቸው ወታደር ነበር፤ አስመራ ነበር፤ ከተሸነፈው ጦር ጋር ከተመለሱት መሃል አልነበረም፣ ሞቷልም ያላቸው የለም። እኛ ይህን እናውቅ ነበር፣ ግን ጨዋታ ላይ ልጅ አያስታውስም። ዝናቡ ይሰማል። ከዚያ እማማ ቀስ ብለው «እሱን ተይው ልጄ፣ ሌላ ስጫት» አሏት። ባሕር ዳርን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ በረንዳ ላይ አስመራን የሰጠም የጠየቀም ልጅ አልነበረም። ማንም አልከለከለንም።

ቴሌቪዥን በግቢያችን አንድ ነበር፤ እትዬ ብለን የምንጠራቸው የሁለተኛው ቤት ጎረቤታችን ዘንድ። የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ በራቸው ላይ ጭቃ ያዘለ ጫማ ይደረደራል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ብቅ ሲሉ ከተቀመጥንበት ተነስተን እጅ የምንነሳ ልጆች ነበርን፤ ያዩናል ብለን እናምናለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ከልጅ ጋር የተነጋገሩ ሰው ናቸው፤ እናቴም እሳቸውን በልጅነቷ በሰው ቤት በር ላይ ቆማ እንዳየቻቸው ትነግረን ነበር። ተረቱ ሲያልቅ እትዬ አያባርሩንም። ቆሎ ይዘግኑልናል፣ ከዚያ የአንዳችንን እናት ጠርተው «ልጆችሽ እኔ ጋ ናቸው» ይላሉ። እንዲህ ነበር የምንጠበቀው። የትኛዋ እናት የትኛውን ልጅ እንደምትቆጣ የተለየ ድንበር አልነበረም።

ክረምት ለሁሉም ልጅ ዕረፍት እንዳልነበረ ማንሳት አለብኝ። የክፍል ጓደኛዬ ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ከእናቷ ጋር በቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር። ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ እያራገበች፣ ጭሱ ሲመጣባት ፊቷን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች፣ አንዱን በቆሎ አገላብጣ ሳትጨርስ ሌላውን ትደርባለች። የወንዶቹም ሊስትሮ ሣጥን የሚወጣው ሐምሌ ላይ ነው። የመስከረምን ደብተር የሚገዙት በዚያ ነው። እኔ «ጨርሰሻል?» ስባል የምናደደው ንዴት እሷ ዘንድ ስደርስ ይጠፋብኛል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አራግብላታለሁ፤ እሷም ፍሬው ሳሳ ያለውንና ለሽያጭ የማይሆነውን በቆሎ ሰብራ ታካፍለኛለች። ከበላኋቸው በቆሎዎች ሁሉ ያን የሚያህል አላገኘሁም።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይገባል። የፍልሰታ ጾም የልጆች ጾም ነው፤ ሌላውን ጾም ያልጀመረ ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። እኛ የምንሄደው አምስት ኪሎ ወዳለችው ቅድስት ማርያም ነበር። ከቀትር በኋላ ያለውን ቅዳሴ ነጠላችንን አጣፍተን፣ በባዶ እግራችን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆመን እናስቀድሳለን። ከቆረብን በኋላ ጸበል ጠጥተን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሳናወራ በሰልፍ ወደ ቤት እንመለሳለን። ለእኔ ፍልሰታ ከጾምም በላይ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ስወጣ እናቴ «ጨርሰሻል?» አትለኝም። ለአሥራ አምስት ቀን በሩ ክፍት ነው። የቅዳሴው መንገድ፣ የዕጣኑ ሽታ፣ ከሌላ ሰፈር ሴት ልጆች ጋር በዓይን መተዋወቁ፤ ይህ ሁሉ የኔ የራሴ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ 1 ዓርብ ዋለ። የመጀመሪያውን ቀን ጾሜ ደክሞኝ በጊዜ ተኝቼ ነበር። ማታ ከየቤቱ በተነሳ ጩኸት ነቃሁ። የመሰለኝ ተኩስ ነው፤ ባለፈው ዓመት የሰማነው ገና ከጆሮአችን አልወጣም። አባቴ ግን ይስቅ ነበር። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን አሸንፋለች። ሩጫውን ያየሁት በኋላ እትዬ ቤት ነው። ከበቆጂ የመጣችው የ20 ዓመቷ ልጅ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ሜየር ኋላ ኋላ ስትከተል ቆይታ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ጥላት ስትሄድ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። ከዚያ ካሸነፈች በኋላ ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ መሆኗን አባቴ ደጋግሞ ነገረን። እኔ ዓይኔ የቀረው እግሯ ላይ ነው። ሴት ልጅ ናት፣ ሜዳ ላይ ናት፣ ዓለም ሁሉ ቆሞ ያያታል።

ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። ቧንቧው ጋ ጄሪካኑ ቆሟል፣ ምድጃው አልተጠረገም። ከግድግዳ ጎረቤቴ ጋር ማታ ተነጋግረን ነበር። በሩ ላይ ስደርስ እናቴ «ጨርሰሻል?» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለስኩላትም። ሮጥኩ።

ጃን ሜዳ ስንደርስ አራት ሴቶች ነበርን። ወንዶቹ ጨዋታ ይዘዋል። ወንድሜን ጠራሁና «10,000 ሜትር ልንሮጥ ነው፣ ቁጠርልን» አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። አባታችን 25 ዙር ነው ብሎ የነገረንን እሱም ሰምቷል። ሃያ አምስት ጠጠር ለቅሞ የጎሉ ድንጋይ ላይ ደረደረና ልጆቹን «ዳር ልቀቁ» አላቸው። በየዙሩ ስናልፍ አንድ ጠጠር አንስቶ ይጥላል። በባዶ እግር፣ በእርጥብ ሳር፣ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን ሮጥን። ጾም ላይ ነን፣ ከማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስንም። በአምስተኛው ዙር አንዷ ወጣች፣ በሰባተኛው ሌላዋ። እኔና ጎረቤቴ አሥራ አንደኛው ላይ እኩል ወደቅን። ሳሩ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማዩን ሳይ የእንጦጦ ደመና እየወረደ ነበር። ድንጋዩ ላይ አሥራ አራት ጠጠር ቀርቷል። ወንድሜ ጠጠሮቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተታቸውና «ነገ ከዚህ ትቀጥላላችሁ» አለን።

ቤት ስገባ እናቴ ጄሪካኑን ራሷ ሞልታዋለች። ጆሮዬን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ ያመመኝን ዛሬም አስታውሳለሁ። ከዚያ ጆሮዬን ሳትለቅ፣ ድምፇን ዝቅ አድርጋ «ስንተኛ ወጣሽ?» አለችኝ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ቡሄ የወንዶች ነው። ጅራፍ ሲጮኽ የሚሰነብተው፣ የዋዜማው ችቦ፣ ዱላው በየደጁ መሬቱን ሲደበድብ፤ እኔ ከውስጥ ሙልሙሉን እያቀበልኩ የማየው በዓል ነው። አውራጁ ወንድሜ ስለነበር ድምፁ ጠፍቶ ሦስት ቀን በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ዳቦውና ሳንቲሙ ሜዳ ላይ ይከፈላል። የዚያን ዓመት ግን ኪሱ ውስጥ ሙልሙል ይዞልኝ መጣ፣ ለሯጭ ብሎ።

ቡሄ እንዳለፈ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይጀመራል። ወንድሜ እጁ ሥዕል ያውቃል። አንድ ዋና ሥዕል ያወጣል፤ በመሃል መልአክ፣ በሁለቱ ጎን አደይ አበባ፣ ከላይ 1985፣ ከታች ዘመነ ማቴዎስ። ዋናው መስኮቱ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ በላዩ ከደብተር መሃል የተነቀለ ንጹሕ ወረቀት ይደረጋል፣ ከውጭ በሚገባው ብርሃን መስመሩ ይታያል፣ በእርሳስ ይቀዳል። ፀሐይ በማትወጣበት ነሐሴ ብርሃኗን ጠብቀን ነው የምንሠራው፤ ደመናው ገለጥ ሲል ሁለታችንም ወደ መስኮቱ እንሮጣለን። ቀለም መቀባቱ የኔ ነው። አሥራ ሁለት ባለ ቀለም እርሳስ አለን፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ቢጫው ነው። አደይን ያለ ቢጫ ማን ይገዛዋል? ቢጫው ሲያልቅ የእናቴን የእርድ ቆርቆሮ ከፈትኩ። በሲኒ ትንሽ ውሃ፣ በማንኪያ ጫፍ እርድ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ። አበባው በአንድ ጊዜ በራ። ሲደርቅ ከእርሳሱ ይበልጥ ያበራል፤ ወረቀቱ ደግሞ አልጫ አልጫ ይሸታል። አርባ ሥዕል ሠራን። እናቴ ዕለቱን ወጥ ልትሠራ ቆርቆሮውን ስትከፍት ያየችውን አየች፤ ቀና ብላ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትን አበቦች ተመለከተችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ከዚያ ጳጉሜ 3 አለ፤ ሩፋኤል። የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው። ዳመናው ሲከብድ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ጠርተው በፓንት ብቻ ወደ ግቢው መሃል ያስወጣሉ። ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም አሸንዳው ሥር እንጋፋለን። ውሃው ጭንቅላታችን ላይ ሲወርድ ትንፋሻችን ይቆረጣል፤ ጥርሳችን ይንገጫገጫል፤ ማንም አይወጣም። የጥጉ ቤት እማማ መዳፋቸውን ዘርግተው ዝናቡን ይቀበሉና ፊታቸውን ያብሳሉ። እናቴ እንኳ ነጠላዋን ገልጣ ፀጉሯን ታስነካዋለች። ዓመቱን ሙሉ በር ላይ የምታስቆመኝ እናቴ በዚህ ቀን እጇን ወገቤ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ትገፋኛለች።

መስከረም 1 ጠዋት ወንድሜ ሥዕሉን ይዞ በአንድ በኩል፣ እኔ ከሰባት ሴት ልጆች ጋር አበባየሆሽ እየዘፈንኩ በሌላ በኩል ወጣን። ከበሮአችን የዘይት ቆርቆሮ ነው። አደዩን በዋዜማው ከወንዙ ዳር ለቅመነዋል፤ ቀሚሳችን ተተኩሷል። የማናውቀው ሰው ደጅ ላይ ቆመን ድምፃችንን እስከምንችለው ከፍ ማድረግ የተፈቀደልን በዓመት አንድ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ ወንድሜ የሥዕሉን ገንዘብ አልጋው ላይ ዘረገፈውና በሁለት ከፈለው። አልጠየቅኩትም። ስሙኒውም ሽልንጉም እኩል ነበር። ደብተሬን የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ ሻጩ በፌስታል ሲያስርልኝ የነበረኝን ኩራት ከደመወዝ ሁሉ በላይ አስታውሰዋለሁ።

እናቴን ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ልጅ ወልጄ፣ ቡና ስናፈላ ጠየቅኳት። «ለምንድን ነው እኔን ብቻ ጨርሰሻል የምትይኝ የነበረው?» ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ መቼ ጨርሼ አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ። ክፋት አልነበረም። ጨርሶ መውጣት የሚባል ነገር እሷ ራሷ አላየችውም።

ሰፈሩ ዛሬ እንደዚያ አይደለም። የግቢያችን ሰዎች ተበትነናል፤ ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የከተማው ጫፍ ላይ ነው። በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር አንድ ቀን አለፍኩበት፤ ወንድሜ ጠጠር የደረደረበት አካባቢ የቲማቲም ሣጥን ተከምሮ ነበር። ለጥምቀት ተጠረገ፣ ሜዳው ተመለሰ። ካዛንቺስና ፒያሳ የነበሩት ሰፈሮች ግን ሲፈርሱ በረንዳቸውም አብሮ ፈረሰ። ቤት በሌላ ቤት ይተካል። «ልጆችሽ እኔ ጋ ናቸው» የምትል ጎረቤት በምን እንደምትተካ ግን አላየሁም።

እኔ የምኖረው ሰሚት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ክረምቷ ሰሌዳ አለው፤ ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ኮዲንግ፣ ቅዳሜ ዋና። የቀረው ጊዜ የስልክ ነው። ውሃ አትቀዳም፣ ምስር አትለቅምም፤ ለዚህ ደስ ይለኛል፣ እንዲሆን የፈለግኩት እኔ ነኝ። የወንድሜ ልጅም እንደሷ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች በሙሉ በስም ያውቃል፤ የካልሲ ኳስ ስሰፋለት እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀኝ። በእኛ ጊዜ በሩ ለወንድ ክፍት፣ ለሴት ዝግ ነበር። አሁን ለሁለቱም ዝግ ነው፤ እኩልነት ያልኩት ይህን አልነበረም። ሁሉም ጠፍቷል ግን አልልም። እሁድ እሁድ በአዲሶቹ ሰፋፊ የእግር መንገዶች ላይ ሴት ልጆች ሳይክል ሲነዱ አያለሁ። በሰፈራችን ሳይክል በዙር ሲከራይ ሴት ልጅ ወንበሩ ላይ አይቼ አላውቅም። አንዷ ልጅ አጠገቤ ፀጉሯ እየበነነ ስታልፍ ዞሬ እስክትጠፋ አያታለሁ።

ባለፈው ጳጉሜ 3 ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከበደ። መስኮቱ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ጠብታ የመኪናዎቹን ጣሪያ ሲመታ ልጄን ጠራኋት።

«ተነሺ፣ እንውረድ። የሩፋኤል ዝናብ ነው።»

ቀና አላለችም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ነበር። «እማ፣ ወርክሺቴን አልጨረስኩም» አለችኝ።

አጠገቧ ሄጄ እርሳሱን ከእጇ ወሰድኩት። አራት ፎቅ በደረጃ ወረድን፣ እሷ በካልሲ፣ እኔ በነጠላ ጫማ። ሕንፃው አሸንዳ የለውም፤ ከጣሪያ የሚወርደው ቱቦ መጨረሻው ላይ ተሰብሮ ውሃው በግድግዳው በኩል ይፈሳል። እዚያ ሥር አቆምኳት። መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣበቀ። ከላይ መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወንድ ልጅ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ያየናል። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ጠፋ። ደረጃው ላይ የባዶ እግር ኮቴ ሰማሁ።